አንድ ካርቶን መነጽር ወደ ዋርካ ገብርኤል

ማክሰኞ

ናዝሬት ቁጭ ብላችሁ ይህን ለምታነቡ የክፍሌ ልጆች አስቀድሜ የምነግራችሁ ነገር ቢኖር፣ ወደ ጎጃም የሚሄድ ሰው ሹራብ ይያዝ። እኔ አልያዝኩም። "ክረምት ክረምት ነው፣ ምን ይለያል" ብዬ በቲሸርት ሄድኩ። ይለያል።

አክስቴ ጥሩወርቅ ፍኖተ ሰላም አዋላጅ ነርስ ናት። ከሥራዋ ሌላ "ደግ ጎረቤት" የምትባል የአንዲት ትንሽ በጎ አድራጎት ክበብ አባል ነች። አባላቱ ዘጠኝ ናቸው፤ አንዱ ሲያመው ስምንት ይሆናሉ። የፈረሰ የእግር ድልድይ ይጠግናሉ፣ ለተቸገረ ተማሪ ደብተር ይገዛሉ፣ አስታማሚ የሌለው በሽተኛ ሲያገኙ ተራ ገብተው ያስታምማሉ። ዓለም አቀፍ ሥራም አላቸው። መሳቅ ትችላላችሁ፤ እኔም ስቄ ነበር። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ እንደነሱ ያለ ክበብ አለና ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። አንድ ጊዜ የፈረንጆቹን ከተማ ጎርፍ መታትና የእኛዎቹ ተሰብስበው፣ ተማክረው፣ አዋጥተው አንድ ጋቢ ላኩ። አንድ! "ተራ በተራ ልበሱት" የሚል ደብዳቤም ጨምረውበታል። የምስጋናው ፎቶ አክስቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ስድስት ፈረንጆች አንድ ጋቢ ውስጥ ገብተው ይስቃሉ።

ፈረንጆቹ በአጸፋው አንድ ካርቶን ሙሉ መነጽር ላኩ። አክስቴ ካርቶኑን ልትረከብ አዲስ አበባ መጥታ ስትመለስ እኔንም ከናዝሬት አስመጥታ ይዛኝ ሄደች።

ጭቅጭቁ የተጀመረው ገና አውቶቡሱ ሳይነሳ ነው። ረዳቱ "እናት፣ ካርቶኑ ጣራ ላይ ይውጣ" አለ።

"አይወጣም።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"ዓይን ነው" አለች አክስቴ፤ ቸኩላ ነበር።

ከኋላችን ያሉት ሴትዮ አማተቡ። ረዳቱ ካርቶኑን በጣቱ ነክቶ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። "የሰው?"

"የሽማግሌና የባልቴት።"

ከዚያ በኋላ እስከ ጎሃ ጽዮን ማንም አልተጠጋንም። ሦስት ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ለሁለታችን ሆነ። ምሳ ስንወርድ ግን ጉዳዩን እኔ ለሴትዮዋ አስረዳሁና አበላሸሁት፤ ወዲያው አንድ ወፍራም ሰውዬ መጥቶ መሀላችን ገባ። አክስቴ እስከ ደብረ ማርቆስ አኮረፈችኝ።

ዓባይን ስንሻገር የበረሃው ሙቀት ከነአቧራው ናዝሬትን አስታወሰኝና ደስ አለኝ። ደጀን ስንወጣ ግን ቅዝቃዜው በመስኮት ገብቶ ጆሮዬን ያዘኝ። ፍኖተ ሰላም የደረስነው በዝናብ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ እኩል ይሄዳሉ። እኛ ጋ ቢሆን ጋሪው ለባጃጁ ይለቃል፤ እዚህ ፈረሱ ንቅንቅ አይልም፣ ባጃጁ ነው ጥሩንባውን እየነፋ ዳር የሚይዘው።

ማታ የክበቡ ሊቀ መንበር ጋሽ ደምሴ መጡ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ሲናገሩ ካርታ የተሰቀለ ይመስል እጃቸው ግድግዳ ላይ ነው። ካርቶኑ ሲከፈት መነጽሮቹ ጉድ ናቸው! ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ እንደ ድመት ዓይን ዳርና ዳሩ የሾለ፣ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ የተለጠፈበት ቀይ ሁሉ አለ። ከሥር የዓይን መመርመሪያ ወረቀት ወጣ። ላዩ ላይ ያለው አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ ሦስት ጥርስ ያለው ማበጠሪያ ይመስላል። ጥርሱ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እየዞረ ከትልቅ ወደ ትንሽ ይወርዳል። ተመርማሪው ጥርሱ ወዴት እንደሆነ በእጁ ያሳያል።

"ሳይንስ ማለት ይኼ ነው!" አሉ ጋሽ ደምሴ። "ማንበብ የማይችል እንኳ አይሳሳትም።"

"ጋሽ ደምሴ፣ እኔ ስለ ዓይን ብዙም አላውቅም፤ የኔ ሥራ ማዋለድ ነው" አለች አክስቴ።

"ምን እውቀት ይጠይቃል? 'ይታያል?' ማለት ነው። 'አዎ' ካለ ተሰናበተ።"

ረቡዕ

ጠዋት አክስቴ፣ ጋሽ ደምሴና እኔ በሚኒባስ ቡሬ ገባን። ጾም ስለነበር ሽሮ በላን፤ ቃሪያው እንባዬን አወረደው። ጋሽ ደምሴ ግን ያለቀስኩት ስለ በጎ አድራጎት በሰበኩት መስሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያ ጋሪ ተሳፈርን። ጋሪው እስከሚችለው ሄዶ ቆመ። የቀረውን ሁለት ሰዓት በእግራችን ተያያዝነው፤ ካርቶኑ አህያ ላይ፣ እኛ ጭቃ ውስጥ።

ስለ ጭቃው ልጻፍ። የናዝሬት መሬት አሸዋ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ጠጥቶ ዝም ይላል። ይኼኛው ግን ይይዛል። ግራ እግሬን ሳነሳ እግሬ መጣ፣ ጫማዬ ቀረ። አንድ አራሽ ሰውዬ ሞፈራቸውን ትተው መጥተው ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ሰደዱና ጫማዬን መዝዘው አወጡልኝ። አጥበው ከሰጡኝ በኋላ ጭቃው ስላስቸገረኝ እሳቸው ይቅርታ ጠየቁኝ!

የመንደሯ ስም ዋርካ ገብርኤል ነው። ያረፍነው የመንደሩ ልብስ ሰፊ ከሆኑት ከአያ ፈንቴና ከባለቤታቸው ከእትዬ የሺ ቤት ነው። ስሜን ስነግራቸው እትዬ የሺ "ሜሮን? ቅብዓ ቅዱሱን ነዋ! እንግዲያ ቤታችን ተቀባ" ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። የዳጉሳ እንጀራ ቀረበ። መልኩ ቸኮሌት ይመስላል፤ ቸኮሌት ብዬ ጎርሼ ቸኮሌት አለመሆኑን ተረዳሁ። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ለመድኩት። ከዚያ ማቆሚያ አጣሁ፤ እኔ ልቆም ስል እትዬ የሺ "አፈር ስሆን!" እያሉ ይጨምሩብኛል። ናዝሬት "ጠገብኩ" ስትል ሰው ያምንሃል። እዚህ "ጠገብኩ" ማለት ድርድር መክፈት ነው።

በረንዳው ላይ ያለው የስፌት መኪና በጆንያ ተሸፍኗል። "ለምን ተሸፈነ?" አልኳቸው።

"ቅዳሜ ይሄዳል" አሉ አያ ፈንቴ። "ኸቡሬ ነጋዴ መጥቶ ይወስደዋል።"

"ሊሸጡት ነው?"

"ዓይኔ መርፌውን እንቢ አለ፣ ልጄ። ሩቅ ያለ ጅብ አያለሁ፤ እጄ ላይ ያለ ክር አይታየኝም። ባለፈው ለሙሽራ ሱሪ ሰፋሁና ሁለቱን እግር አንድ ላይ ገጠምኩት።"

"ሙሽራው ምን አለ?"

"ምን ይላል፤ እየዘለለ ሄደ።" ሳቁ። እትዬ የሺ ግን አልሳቁም፤ የጆንያውን ጫፍ ሲያስተካክሉ አየኋቸው። አያ ፈንቴ ይህንን ሥራ የጀመሩት በእኔ ዕድሜ ነው። የመንደሩ ሰው ሁሉ ልብስ በእጃቸው አልፏል።

"ነገ እኮ መነጽር ያገኛሉ!" አልኳቸው። አያ ፈንቴ ጆንያውን ዳሰስ አድርገው "እንግዲህ ገብርኤል ያውቃል" አሉ።

ሐሙስ

የገብርኤል ዕለት ስለነበር የሚያርስ የለም። ሰዉ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሶ ሲወጣ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ጋሽ ደምሴ ንግግር አደረጉ። ከአውሮፓ ጀምረው በሜዲትራኒያን በኩል ሱዳን ሲደርሱ አንድ ሕፃን አለቀሰ፣ በዚያው አበቁ።

የመመርመሪያውን ወረቀት የያዝኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የቀረቡት የደብሩ ቄስ መምሬ ጥሩነህ ናቸው። ማበጠሪያውን በመስቀላቸው እያመለከቱ "ቀኝ፣ ታች፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ" አሉ፤ አንድም አልሳቱ። "ይታያል?" ሲባሉ "ክብር ይግባው፣ ይታያል" ብለው ቀጭን የወርቅ ጠርዝ ያለው መነጽር ተደርጎላቸው ሄዱ። ቀጣዩ፦ "ቀኝ፣ ታች፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ።" ከእሱ ቀጥሎም እንዲሁ። ጋሽ ደምሴ ብዕራቸው ከእጃቸው ሊበር ደረሰ። "ግሩም! ያለ አንድ ስህተት!"

እማማ ዘውዴ የሚባሉ ባልቴት መጡ። እሳቸውም "ቀኝ፣ ታች፣ ላይ" እያሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ ፊታቸው ግን ወደ ዋርካው ነው። እኔና ወረቀቱ በጀርባቸው በኩል ነን። አፍረው ነው ብዬ ዞሬ ፊት ለፊታቸው ቆምኩላቸው። እንዲህ ሞኝ ነበርኩ።

ሥራው ሳይታሰብ ቶሎ አለቀ። መነጽር የመረጠ፣ የመለሰ፣ "ሌላ ልሞክር" ያለ አንድ ሰው የለም። የናዝሬት ሴቶች አንድ ነጠላ ጫማ ለመግዛት ሱቁን ሙሉ እንደሚያስወርዱ ታውቃላችሁ። "ሕዝቡ ምን ያህል ቀና ነው!" አልኩ በልቤ። አያ ቢተው የተባሉ ጎረቤት ያ የሚያብለጨልጨው ቀይ መነጽር ደርሷቸው እንደ ንጉሥ ተራመዱ፤ ወደ ቤታቸው ሲያመሩም የታሰረች በቅሎን "እንዴት ዋልሽ እታለም" ብለው ሰላም አሉ።

አያ ፈንቴ የደረሳቸው ወፍራም ጥቁር ነው። ወደ ቤት ስንመለስ ደረቅ መሬት ላይ ቦይ እንደሚሻገር ሰው እግራቸውን ከፍ እያደረጉ ይረግጣሉ።

"ጥሩ ነው አይደል?" አልኳቸው።

"እጅግ ጥሩ ነው፤ እግዜር ይስጥልን። መሬቱ ብቻ ትንሽ ራቀኝ።"

ገና ሳይመሽ በረንዳው ላይ መርፌና ክር ይዘው ተቀመጡ። ሰረቅ አድርጌ አየኋቸው። ክሩ በመርፌው ግራ አለፈ። በቀኝ አለፈ። ክሩን ምራቅ አስነክተው አሹለው ደገሙ፣ ሌባ ጣታቸውን ወጉ። ቀና ሲሉ አዩኝና "ይታያል፣ ይታያል" አሉኝ። ከዚያ መርፌውን ጆንያው ላይ ሰኩት።

ሮጬ ለአክስቴ ነገርኳት። አክስቴ ራሷን ያዘች። ጋሽ ደምሴ ጓዳ ውስጥ ለፈረንጆቹ ደብዳቤ እያረቀቁ ጮክ ብለው ያነባሉ፦ "በምርመራው ከተሳታፊዎቹ አንድም የተሳሳተ አልተገኘም..."

"ምን ብዬ ልንገራቸው?" አለች አክስቴ። "ደስታቸው ይገድለኛል።"

ዓርብ

አያ ፈንቴ ከቤቱ ጀርባ በቆሎ አላቸው፤ ጎረቤት በወንፈል ሊያርምላቸው መጣ። ወንፈል ማለት ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ላንተ እየተባባሉ ተራ በተራ መሥራት ነው፤ የእኛን የቡድን ጥናት ይመስላል፣ ልዩነቱ እዚህ ሁሉም ይሠራል። እንግዶቹን ለማክበር መነጽራቸውን እንዳደረጉ ነው የመጡት። የተደረደሩበት መልክ የሚኒስትሮች ስብሰባ ይመስል ነበር።

እትዬ የሺ ውኃ ይዘው ሲሄዱ ጩኸታቸው ተሰማ። "ኸረ በቆሎዬን! ቢተው! በቆሎዬን ፈጀኸው!"

አያ ቢተው ቀና አሉ፤ ቀዩ መነጽር በፀሐይ ተንቦገቦገ። ከኋላቸው ያለው መስመር በቆሎው ተነቅሎ አረሙ ተኮትኩቶ ቆሟል። "አረም መስሎኝ" አሉ ቀስ ብለው።

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ማየት ከቻለ ማለቴ ነው። እኔ ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ። "ለምን አይታየንም አላላችሁም?" ብዬ ጮህኩ፤ በሽማግሌ ፊት! አክስቴ ቆነጠጠችኝ።

እትዬ የሺ ግን ሳቁ። "ልጄ፣ እንግዳ ኸሩቅ አገር ተሸክሞ አምጥቶ ሲሰጥሽ 'አልበጀኝም' ይባላል? ፊቱን መምታት እኮ ነው።"

"ወረቀቱንስ እንዴት አወቃችሁት?"

"መምሬ ያሉትን ነዋ ያልነው! ቄስ ይመራል፣ ሕዝብ ይቀበላል፤ ሌላ ምን ይባላል?"

ጋሽ ደምሴ ደብዳቤያቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። ጆሯቸው ቲማቲም መሰለ። ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸው የሚጠቁምበት ግድግዳ አጣ። "እንግዲያው... ሁላችሁም መልሱና እንደገና..." ሲሉ ወንፈሉ በሙሉ "ኧረ! ነውር!" ብሎ ተነሳባቸው። የተሰጠ አይመለስም። አያ ቢተውማ ቀዩን መነጽር በሁለት እጃቸው ያዙት።

እትዬ የሺ ትንሽ አሰቡና "መመለስማ ነውር ነው" አሉ። "መዋዋስ ግን መቼ ነውር ሆነ? በሬ እንዋዋስ የለ? ምጣድስ? ለዛሬ አንተ የሷን፣ እሷ ያንተን።"

ሰዉ ተያየ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰፌድ መጣ፣ መነጽሩ ሁሉ ሰፌዱ ላይ ተዘረገፈ። ሌላ ሰፌድ ላይ ለጾም ወጥ የሚለቀም ምስር ነበርና እትዬ የሺ መመርመሪያ አደረጉት። ምስሩን ከጠጠሩ የለየ "ይኸንን ተውሻለሁ" ይላል፤ ያልለየ ሌላ ያነሳል። ሩቅ ለማይታያቸው ደግሞ "ያቺ የማን ላም ናት?" ይባላል። ሳቁ አይጣል ነው! ጎረምሳው የአያቱን፣ አያትየው የምራቷን ሞከሩ። እማማ ዘውዴ አንዱን አድርገው ምስሩን ትተው ዙሪያቸውን አዩና "አንተ ቢተው፣ እንዲህ አስቀያሚ ነበርክ?" አሉ። ጋሽ ደምሴ ኮታቸውን አውልቀው መሬት ተቀምጠው ጠጠር ይቆጣጠራሉ።

ለአያ ፈንቴ ግን የሚሆን ጠፋ። ሁሉንም ሞከሩ። አንዱ ያጠብባቸዋል፣ አንዱ ያንሳፍፋቸዋል። ሰፌዱ ባዶ ሆነ። "በቃ፣ የኔስ ቀርቷል" ብለው ሊነሱ ሲሉ መምሬ ጥሩነህ ምርቃት ሊሰጡ ከነወርቅ ጠርዝ መነጽራቸው ብቅ አሉ።

የቀረው መነጽር የእሳቸው ብቻ ነው። ቄስን ደግሞ "አውሱኝ" የሚል የለም። እሳቸውም ዓይናቸው ደኅና መሆኑን፣ ዳዊቱን ድሮም በቃላቸው መድገማቸውን አገሩ ሁሉ ያውቃል። መነጽሩን የተቀበሉት ለእኛው ክብር ነበር። ሁላችንም እግራችንን አየን።

እትዬ የሺ መስቀል ተሳልመው ቀና ሲሉ "መምሬ፣ የካባዎ ጠርዝ ተተርትሯል እኮ" አሉ።

"ተተርትሯል፣ ልጄ።"

"በበዓል ቀን እንዲያ ሆኖ ይታይ? የሚሰፋው ሰው ደግሞ ነገ መኪናውን ሊሸኝ ነው። ለርስዎ አዘንኩ።"

መምሬ እትዬ የሺን አዩ። ሰፌዱን አዩ። አያ ፈንቴን አዩ። ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። "ፈንቴ፣ ለኔ ካባ ስትል ያዘው። ለሥራ እንጂ ለጌጥ እንዳታደርገው!"

አያ ፈንቴ አደረጉት። መርፌውን ከጆንያው ላይ ነቀሉ። ወንፈሉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ክሩ ሄደ... ገባ! አወጡትና ደገሙት። ገባ። ሦስተኛ ሲያወጡት እትዬ የሺ "ይበቃል! ልታደክመው ነው" ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ጋሽ ደምሴ ደብዳቤያቸውን ቀደው አዲስ ጻፉ። አጭር ነበር፦ "መነጽራችሁ ደርሷል። ምርመራውን በምስር አድርገነዋል። ሕዝቡ እየተዋዋሰው ነው።"

ቅዳሜ

የቡሬው ነጋዴ በማለዳ አህያና ገመድ ይዞ መጣ። አያ ፈንቴ የመምሬን ካባ እየሰፉ ነበር፤ መኪናው ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል።

"አያ ፈንቴ፣ ልጫን?" አለ ነጋዴው።

አያ ፈንቴ በመነጽሩ አናት ላይ አይተውት "ሱሪህ ኋላው ተቀዷል" አሉት።

ነጋዴው በእጁ ዳሰሰ። "ውይ።"

"ሰው ፊት እንዲህ ሆነህ ገበያ ልትሄድ? አውልቅና ቁጭ በል።"

ጋቢ ተሰጥቶት በረንዳው ላይ ተቀመጠ። በጋቢ ተጠቅልሎ ድንች በአዋዜ ሲበላ ስለ መኪናው ግዢ ማንሳት ከበደው፤ ባዶ እግሩን በጋቢ የሸፈነ ሰው ምን ይከራከራል? ሱሪው ተጠግኖ ሲሰጠው ሁለቱ እግሮች ለየብቻቸው ናቸው። ለብሶ፣ አመስግኖ፣ አህያዋን ባዶዋን ነድቶ ሄደ።

እኛም ዕቃችንን አንስተን ተሰነባበትን። እትዬ የሺ ድንቅ የሆነ በሶ ቋጥረው ሰጡኝ፣ እስከ ናዝሬት አልደረሰም። አጥሩ ጋ ስንደርስ ኋላ ዞሬ አየሁ። አያ ፈንቴ ሥራቸውን ጨርሰው ቀና ብለው ሚስታቸውን ትክ ብለው ያያሉ። አፍንጫቸው እስኪነካቸው ድረስ ቀርበው ነው የሚያዩዋቸው።

"የሺ" አሉ፣ "ይኼ ሁሉ ሽበት መቼ ነው ያወጣሽ?"

"አንተ ማየት ካቆምክ ወዲህ" አሉ እትዬ የሺ። "በል፣ ካባው አልቋል፤ መነጽሩን ለመምሬ መልስ፣ ውሰት እኮ ነው!"

አያ ፈንቴ ካባውን አንስተው ጠርዙን መረመሩ። ከዚያም መቀሳቸውን አነሱና የሰፉትን ስፌት ከጫፉ ቀስ አድርገው ተረተሩት።

"አላለቀም" አሉ።